ቁልፉና ሽጉጡ በአንድ እጅ አይግቡ

የአውሮፕላን ጠለፋ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይመጣል፦ «አብራሪውን አስታጥቁት!» መልሱ አጭር ነው፤ ለጆሮም ይጥማል። በመርካቶ ቡና ቤት ከሚቀመጠው ነጋዴ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ እስከሚያስተምረው ምሁር ድረስ ብዙ ሰው ይስማማበታል። ሦስት ሰዎች በአንድ መጥረቢያ አስፈራርተው አንድ ሙሉ አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ሲያስገቡ የሰማ ሕዝብ፣ «ምነው ካፒቴኑ አንዲት ሽጉጥ በኖረችው ኖሮ» ብሎ ቢቆጭ አይፈረድበትም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ቁጭቱ ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ የተሳሳተ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጠለፋ ከተፈተኑ የዓለም አየር መንገዶች አንዱ ነውና የራሳችን ታሪክ ይበቃናል። ጉዳዩ የአብራሪዎችና የባለሥልጣናት ብቻ ነው የሚል ካለም መርካቶን ይጠይቅ። ዛሬ ወደ ዱባይና ወደ ጓንዡ ለዕቃ ግዢ የሚመላለሰው የአዲስ ከተማ ነጋዴ ነፍሱን በአደራ የሚሰጠው ከፊቱ ተዘግቶ ለሚያየው ለዚያ ጠባብ በር ነው። ከበሩ በስተጀርባ ምን መኖር እንዳለበትና ምን መኖር እንደሌለበት የመጠየቅ መብት አለው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 961 የሆነው ቦይንግ 767 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ አቀና። 163 መንገደኞችና 12 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረውበት ነበር። ጉዞው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ሦስት ሰዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ጥሰው ገቡ፤ ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው ከክፍሉ አስወጡት፤ ካፒቴን ልዑል አባተን ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉት። ነዳጁ ለናይሮቢ የተቀዳ መሆኑን ቢነግራቸው አላመኑትም። ይህ አውሮፕላን ምን ያህል ሰዓት መብረር እንደሚችል መንገደኛ በሚያነበው መጽሔት ላይ ተጽፎ አይተናል ብለው ተከራከሩት። ካፒቴኑ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትሎ ወደ ደቡብ በረረ፤ በመጨረሻም ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ዞረ። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ ወድቆ ተሰባበረ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ሰዎች ተረፉ። ከሟቾቹ አንዱ የ1977ቱን ረኀብ ለዓለም ያሳየው ባለ ካሜራ ሞሐመድ አሚን ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ጠላፊዎቹ በእጃቸው የነበረው ምንድን ነው? ቦምብ አለን ብለው ነበር፤ ቦምብ አልነበረም፤ በኋላ እንደታወቀው የመጠጥ ጠርሙስ ነው። በእርግጥ የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ያገኟቸው እዚያው አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ነው። መጥረቢያው የተቀመጠው ለአብራሪዎቹ ነበር፤ በአደጋ ጊዜ ሰብረው እንዲወጡበት ወይም እሳት እንዲከላከሉበት። ጠላፊው ከገባ በኋላ ግን የጠላፊው ሆነ።

እንግዲህ «ሽጉጥ ቢኖር ኖሮ» የሚለውን በዚህ መነጽር እንየው። አብራሪ የሚቀመጠው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ዓይኑንም እጁንም ለመሣሪያዎቹ አውሎ ነው። ሦስት ሰው ከኋላው በድንገት ሲደርስበት ዞሮ፣ መዝዞ፣ አነጣጥሮ ይተኩሳል ማለት የሲኒማ ሐሳብ ነው። ለተቃራኒው ወገን ፍትሐዊ ለመሆን፣ ካፒቴኑ ቀድሞ መተኮስ የሚችልበት አጋጣሚ ሊኖር ይችል ነበር። ሆኖም መጥረቢያውን በቅጽበት የነጠቁ እጆች ሽጉጡን ይተዉት ነበር ብሎ የሚያምን ማነው? ያን ዕለት ያልነበረው ሽጉጥ አልነበረም። ያልነበረው የማይሰበር፣ የማይከፈት በር ነው።

በሩ ክፍት በነበረበት ዘመን እውነተኛ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም ነበር። የካቲት 4 ቀን 1985 ዓ.ም. ከፍራንክፈርት በካይሮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የሉፍታንዛ አውሮፕላን በአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ተጠልፎ ኒውዮርክ ድረስ ተወስዷል። ወጣቱ ይዞት የነበረው ሰው መግደያ ሳይሆን የስፖርት ውድድር ማስጀመሪያ ሽጉጥ ነበር። ወደ አብራሪው የሚያደርሰው መንገድ ክፍት ስለነበር የውሸቱ ሽጉጥ የእውነቱን ያህል ሠራ።

ዓለም ይህን ትምህርት የቀሰመው ዘግይቶ ነው። እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር በዋልንበት በመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አራት አውሮፕላኖች ተጠልፈው ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ከጠፋ በኋላ፣ የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይትና ጉልበት እንዲቋቋም ሆኖ እንዲሠራ ታዘዘ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ከኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ60 በላይ መንገደኞችን ለሚይዙ አውሮፕላኖች ግዴታ አደረገው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢያሰኝም፣ ጩኸቱ ከንቱ አልነበረም።

ሆኖም በሩ ሲጠነክር ሌላ ጥያቄ አብሮት ተወለደ። የበሩን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ከውጭ በኩል የምስጢር ቁጥር የሚጫንበት ሰሌዳ አለ፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ አብራሪው የሚያዝዘው ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ከውጭ ትክክለኛው ቁጥር ቢጫን እንኳ ከውስጥ ያለው ሰው «አይሆንም» ካለ በሩ አይከፈትም። ይህ የሆነው በስሕተት አይደለም፤ ጠላፊ የበረራ አስተናጋጇን አስገድዶ ቁጥሩን ቢያወጣጣ እንዳይጠቅመው ታስቦ ነው። ሁሉም ነገር የተመሠረተው በአንድ እምነት ላይ ነበር፦ ክፉው ሰው ምንጊዜም ከውጭ ነው የሚል።

ይህ እምነት የፈረሰው በእኛው አውሮፕላን ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት የበረራ ቁጥር 702 ቦይንግ 767 202 ሰዎችን ይዞ ወደ ሮምና ሚላን ሲጓዝ፣ ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ክፍል ወጣ። ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆልፎ የጠለፋ ምልክቱን ራሱ አስተላለፈ፤ አውሮፕላኑንም ጄኔቫ አውርዶ በመስኮት በገመድ ወርዶ ጥገኝነት ጠየቀ። ዋናው አብራሪ የገዛ አውሮፕላኑን በር ሲደበድብ አደረ። ጠላፊን ለማስቀረት የተሠራው ብረት ካፒቴኑን አስቀረው። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ የአሠራሩ ብልኀት ግን አይደለም።

ከዓመት በኋላ፣ መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ይህንኑ አደረገ፤ ልዩነቱ እርሱ ለማረፍ አለመፈለጉ ነው። ካፒቴኑ ከበሩ ውጭ እየታገለ አውሮፕላኑ ከፈረንሳይ ተራሮች ጋር ተጋጭቶ 150 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. የሞዛምቢክ አየር መንገድ አውሮፕላን በተመሳሳይ ሁኔታ ናሚቢያ ውስጥ ወድቆ 33 ሰዎች ሞተዋል።

አሁን «አብራሪውን አስታጥቁት» የሚለውን ወንድማችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። በ2006 ዓ.ም. አብራሪዎቻችን በሕግ ታጥቀው ቢሆን ኖሮ ያቺ ሽጉጥ በማን እጅ ትገኝ ነበር? በሩን ሲደበድብ ባደረው ካፒቴን እጅ ነው ወይስ በሩን በቆለፈው እጅ? ሁለቱም ቢታጠቁስ፣ በሠላሳ ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ በአንድ በር ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ባለ ሽጉጦችን ተመኝተን ነበር ማለት ነው?

በአብራሪው ክፍል የሚቀመጥ መሣሪያ የአብራሪው አይደለም፤ ከበሩ ውስጥ ያለው ሰው ንብረት ነው። በ1989 ዓ.ም. ከውጭ የገባው ሰው ወሰደው። በ2006 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ ከውስጥ ያለው ሰው ይዞት ነበር።

መርካቶ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነጋዴው ማታ ሱቁን በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ከውጭ ያድራል። ዱላ ያለው ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ ያለው ዱላ አይዝም። ነጋዴው ዘበኛውን ስለጠላው ወይም ስለጠረጠረው አይደለም፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ እጅ ከገቡ ሱቁ የሚቀረው በአንድ ሰው ሕሊና ላይ ብቻ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። አብራሪው ደግሞ የዓለምን ከባዱን ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። በዚያ ቁልፍ ላይ መሣሪያ መጨመር ኃይልን ማከል እንጂ ጥበቃን ማከል አይደለም።

መሣሪያ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ የታጠቀ ጠባቂ በአውሮፕላን ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረችው ብዙዎች ሳያስቡት ነው። በ1961 ዓ.ም. አውሮፕላኖቻችን በፍራንክፈርትና በካራቺ ከተጠቁ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ከማድሪድ በተነሣ አውሮፕላን ላይ ጠለፋ የሞከሩ ሁለት ሰዎች በጠባቂዎች እጅ ተገድለዋል። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ደግሞ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ የነበሩባቸው ሰባት ወጣቶች ከቦሌ የተነሣ ቦይንግ 720 ለመጥለፍ ሲሞክሩ ጠባቂዎቹ ተኮሱ። ስድስቱ ሞቱ፤ በሕይወት የተረፈችው ታደለች ኪዳነማርያም ብቻ ነበረች። በሰኔ 1994 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በመጣ ፎከር 50 ላይም ሁለት ጠላፊዎች እንዲሁ በጠባቂዎች ተገድለዋል።

የ1965ቱን ወጣቶች አንዱ ሰማዕታት፣ ሌላው ወንጀለኞች ይላቸዋል፤ ያን ፍርድ ለታሪክ እተዋለሁ። ለያዝነው ነገር ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። አንደኛው፣ የታጠቀው ሰው ተሳፋሪዎቹ መካከል ነበር እንጂ መሪውን የያዘው አልነበረም፤ አብራሪው የቀረለት ሥራ አውሮፕላኑን ማዳን ብቻ ነበር፤ አዳነውም። ሁለተኛው፣ የሠለጠነ ጠባቂ ሲተኩስ እንኳ ዋጋው ከባድ መሆኑ ነው። በግርግሩ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የአውሮፕላኑን ወለል በሳው፤ መቆጣጠሪያውንም ጎዳው። አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ተመልሶ ማረፉ በጥቂቱ የተረፈ ነገር ነው። ጥይት በአውሮፕላን ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ቢያበጅ አውሮፕላኑ ወዲያው ይፈነዳል የሚለው ፊልም የፈጠረው ወሬ ነው። እውነተኛው አደጋ ጥይቱ የሚያገኘው ሰው፣ ሽቦና መሣሪያ ነው። የአብራሪዎች ክፍል ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ሽቦና መሣሪያ ነው።

አሜሪካውያን አብራሪዎቻቸውን አስታጥቀው የለም ወይ ይባላል። እውነት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የትራንስፖርት ደኅንነት ኃላፊያቸው በግልጽ ቢቃወምም፣ ምክር ቤታቸው በዚያው ዓመት ማብቂያ ሕጉን አጽድቆ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃደኛ አብራሪዎች እየሠለጠኑ ታጥቀዋል። መጋቢት 13 ቀን 2000 ዓ.ም. ግን ወደ ሻርሎት ከተማ ለማረፍ በዝግጅት ላይ በነበረ የዩኤስ ኤርዌይስ አውሮፕላን ውስጥ የአንዱ አብራሪ ሽጉጥ ባርቆ ጥይቱ የአውሮፕላኑን አካል በስቶ ወጣ። ደንቡ ሽጉጡ በማኅደሩ እያለ ጓጉንቸር እንዲገባበት ያዝዝ ነበርና፣ የባረቀው ለጥንቃቄ ተብሎ ሲቆለፍ ነው። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ጠላፊ በሌለበት አውሮፕላን ውስጥ ጥይት ተተኩሷል።

ከዚህም በላይ አሜሪካዊው አብራሪ በአብዛኛው የሚበረው በአንድ ሕግ በሚተዳደር ሰፊ አገር ውስጥ ነው። የእኛው አብራሪ ጠዋት ቦሌ፣ ማታ ፍራንክፈርት፣ በነጋታው ሌላ አህጉር ያድራል። እያንዳንዱ አገር የጦር መሣሪያ የሚያስገባበት የራሱ ሕግ አለው። ሽጉጡ በየሆቴሉ፣ በየፍተሻው፣ በየጉምሩኩ አብሮ ሲዞር የሚጠፋበትና የሚሰረቅበት ቀዳዳ ጠላፊ ከሚገባበት ቀዳዳ ይበዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚያስፈልገው ከሽጉጥ ርካሽ፣ ከሽጉጥም ይልቅ አሰልቺ ነው፤ ምናልባት የማይጮኽለትም ስለዚህ ይሆናል።

አንደኛ፣ በረራ ላይ ባለ አውሮፕላን የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ፈጽሞ አይቅር። አንዱ አብራሪ ሲወጣ አንድ የበረራ ሠራተኛ ይግባ። የገባው ሰው ማብረር ባይችልም በሩን መክፈት ይችላል፤ ከዚህ በላይ አይጠበቅበትም። ከጀርመንዊንግስ አደጋ በኋላ አውሮፓውያን ይህን መክረው፣ ጥቂት ቆይተው ለየአየር መንገዱ ውሳኔ ተዉት። እኛ ግን ሁለቱንም ዓይነት መከራ፣ ከውጭ የሚገባውንም ከውስጥ የሚቆልፈውንም፣ የቀመስን ነንና የመዘናጋት መብት የለንም። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኢትዮጵያ መዝገብ ላይ ባለ አውሮፕላን ሁሉ ያለ ልዩነት ሊያስከብረው ይገባል።

ሁለተኛ፣ በሩ የሚከፈትባትን ቅጽበት እንጠብቃት። ብርቱ በር የሚደክመው አብራሪው ለምግብ ወይም ለመጸዳጃ ሲከፍተው ነው። ከዋናው በር ፊት የሚዘረጋ ሁለተኛ አጥር በአዳዲስ አውሮፕላኖች እንዲገጠም አሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥታለች። አዲስ አውሮፕላን በብዛት የሚያዝዝ አየር መንገዳችን ይህን ከፋብሪካው ጀምሮ ቢጠይቅ የሚያወጣው ገንዘብ ከአንድ ጠለፋ ኪሣራ ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛውና ትልቁ የአብራሪው ጤና ነው። የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. የ702 ረዳት አብራሪ በድርጊቱ ጊዜ በአእምሮ ሕመም ተይዞ እንደነበር ተቀብሎ ሕክምና አዘዘ፤ የእኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። ስለ ፍርዱ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ይበል። የጀርመኑም ረዳት አብራሪ ሐኪም አትሥራ ብሎ የሰጠውን ወረቀት ደብቆ ነው የበረረው። ለምን ደበቀ? ካሳየ ፈቃዱን፣ እንጀራውንና ስሙን እንደሚያጣ ስላመነ ነው። በእኛ አገርማ ከመርካቶ ብዙም የማይርቀው አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ራሱ መሰዳደቢያ ሆኗል። ሕመሙን ሲናገር ሥራውን የሚያጣ ሰው ሕመሙን ይዞ ወደ ሥራው ይመጣል። አብራሪ በምስጢር የሚያማክርበት፣ ታክሞም ወደ መቀመጫው የሚመለስበት አሠራር ከየትኛውም ሽጉጥ ይልቅ ብዙ ነፍስ ይጠብቃል።

አራተኛ፣ መሣሪያ የግድ ከሆነ በሠለጠነ ጠባቂ እጅ፣ ከበሩ ውጭ፣ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ይቀመጥ። ጠባቂው ቁልፉን አይያዝ፤ አብራሪው ሽጉጡን አይያዝ።

በመጨረሻ አንድ የምንሸሸው ነገር አለ። በ1989 ዓ.ም. የጠለፉት ሰዎች አውስትራሊያን፣ በ1985 ዓ.ም. የጠለፈው ወጣት አሜሪካን፣ በ2006 ዓ.ም. የቆለፈው ረዳት አብራሪ ስዊዘርላንድን ነበር የፈለጉት። የጠለፋ ወንጀልነት አያጠያይቅም፤ የ125 ሰው ደም ሰበብ አይቀበልም። ይሁን እንጂ በተለያየ ዘመን የተነሡ ሰዎች ከአገራቸው የሚወጡበትን መንገድ በሰው ነፍስ ላይ ሲፈልጉ ማየት ለመንግሥታት ሁሉ ጥያቄ ሊሆን ይገባው ነበር። እኛ ግን ለፖለቲካ ጥያቄ መሣሪያ መመለስ ከለመድን ቆይተናል። ጥያቄው በምድር ሲነሣ የታጠቀ ሰው እንጨምራለን፤ በአየር ሲነሣም ያንኑ እንመኛለን። መንግሥት ቁልፉንም ጠመንጃውንም በአንድ እጅ ሲይዝ ምን እንደሚሆን በሦስት ሥርዓቶች አይተነዋል። ያንኑ ሥርዓት በጠባቧ የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ደግመን የምንሠራበት ምክንያት የለም።

ካፒቴን ልዑል አባተ ከ1989 ዓ.ም. በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፎ በሰላም ያረፈ ሰው ነበር። በሦስተኛው ጊዜም መጥረቢያ በራሱ ላይ ተነሥቶ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው 50 ሰው ያተረፈው በመሪው ነው። ለተተኪዎቹ የምናውርሰው ሽጉጥ አይሁን። የሚጠነክር በር፣ ብቻውን የማይተው ባልደረባና ሲታመም የማያባርረው መሥሪያ ቤት እናውርሰው፤ እርሱም መሪውን ይያዝ።